ላንድክሩዘር 80ን በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ምን ያስወጣል?

ጥያቄ፦ «እ.ኤ.አ. የ1994 ላንድክሩዘር 80 አለኝ፤ ሞተሩ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው። ኋላው ወርዷል፤ ድንጋያማ መንገድ ላይ ሆዱ እየነካ ተቸገርኩ። በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ትልቅ ጎማ ላስገባለት አስቤያለሁ። አንድ መካኒክ ‹ሞላው ላይ ስፔሰር ካስገባን በርካሽ ያልቃል› አለኝ። እውነት ነው? ሁሉንም ነገር አካቶ ወጪው ምን ይመስላል?»

መልስ፦

በ5 ሳንቲ ሜትር ያቁሙ። ወጪውን ለማስላት የአራት ሞላና የአራት ሾካብዞርበር ዋጋን እንደ አንድ እጅ ይውሰዱት። በ5 ሳንቲ ሜትር የሚሠራ የተሟላ ሥራ፣ የእጅ ዋጋ ተጨምሮበት፣ አንድ ተኩል እጅ አካባቢ ያልቃል፤ መኪናው ያረጁ ቦኮላዎች (የዘንጎቹ ጫፍ ላይ ያሉ ባለ ጎማ መገጣጠሚያዎች) እና ቴስቲናዎች (የመሪ ዘንጎች መገጣጠሚያዎች) ካሉት ሁለት እጅ ይደርሳል። 10 ሳንቲ ሜትር ግን ከሦስት እጅ በታች በደንብ አይሠራም። ከ7 ሳንቲ ሜትር ገደማ በኋላ አክስሉን (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘውን) የሚይዘው እያንዳንዱ ዘንግ የራሱን ማስተካከያ ዕቃ ይጠይቃልና። ስፔሰሩ (በሞላውና በመቀመጫው መካከል የሚገባው ማስረዘሚያ) በርካሽ ያልቃል የተባለው ለመካኒኩ እውነት ነው፤ የቀረውን ሒሳብ በኋላ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

መጀመሪያ ግን የሚፈልጉትን ነገር በትክክል እንለይ። ሞላ ከፍ ሲል ከፍ የሚለው ቦዲው፣ ሻንሲውና ሻንሲው ሥር ያለው ሁሉ ነው፤ የነዳጅ ጋኑ፣ የጎን መርገጫው፣ የማርሽ ሳጥኑ ድጋፍ። ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት) ግን አክስሉ ላይ ስለሆነ 10 ሳንቲ ሜትር ቢያነሡትም አንዲት ሚሊ ሜትር ከመሬት አይርቅም። እሱን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው፤ ያውም የዲያሜትሩን ጭማሪ ግማሽ። የፋብሪካው 275/70 አር 16 ጎማ ዲያሜትሩ ወደ 791 ሚሊ ሜትር ነው። 285/75 አር 16 ደግሞ 834 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 43 ስለሆነ ዲፈረንሻሉ የሚያገኘው 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ጎማ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ 80 ላይ ያለ ችግር ይሽከረከራል። 315/75 አር 16 (879 ሚሊ ሜትር) ከፈለጉ ግን መሪ ሲጠመዘዝና አንዱ ጎማ ወደ ላይ ሲገፋ ፓራፋንጎውን (የጎማውን የላይ ሽፋን) ስለሚነካ የሞላ ከፍታው ብቻውን አያድንዎትም። ፍጥነት መለኪያውንም አይርሱ፤ በ285/75 ጎማ 80 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 84 ገደማ ነው። ስለዚህ የሚነካው የመኪናው ሆድ ከሆነ ሞላ፣ ዲፈረንሻሉ ከሆነ ጎማ ነው መልሱ። መኪናው ሥር ገብተው ጭረቱ የት እንዳለ ይዩ።

ዕቃ ከማዘዝዎ በፊት ይለኩ። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙት፤ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱትና ከሞዞው (የጎማው እምብርት) መሐል እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማ ይመዝግቡ። ከመሬት መለካት ስሕተት ነው፤ የጎማ ንፋስና የጎማ መጠን ልኬቱን ያበላሹታል። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሞላ ከፋብሪካ ከፍታው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ወርዶ መገኘቱ የተለመደ ነው። በሌላ አነጋገር፣ «50 ሚሊ ሜትር» የሚል ሞላ ሲገዙ አምራቹ የለካው ከአዲስ መኪና ከፍታ ስለሆነ እርስዎ ዛሬ ካሉበት የሚያገኙት 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው 10 የሚፈልገው የወረደውን ከፍታ እንደ መነሻ ስለሚቆጥር ነው።

የሞላው ጥንካሬ ከርዝመቱ በላይ ያስቸግራል። ሞላዎች የሚሸጡት መኪናው ዘወትር በሚሸከመው ክብደት ተለይተው ነው፤ ባዶ፣ ከ200 ኪሎ ግራም ጋር፣ ከ400 ጋር እያሉ። በምሳሌ እንይ፦ አንድ የኋላ ሞላ አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ 35 ኒውተን ቢፈልግና ለ200 ኪሎ ጭነት ተብሎ የተሠራ ቢሆን፣ ያ ጭነት ሲጎድል በእያንዳንዱ ሞላ ላይ 100 ኪሎ ወይም 981 ኒውተን ይቀንሳል። 981 ለ35 ሲካፈል 28 ሚሊ ሜትር ነው። ባዶ መኪና ላይ የከባድ ጭነት ሞላ ያስገባ ሰው ኋላው እንደ ፌንጣ ተነሥቶ ጉድጓድ በተሻገረ ቁጥር ወገቡን የሚመታው ለዚህ ነው። የፊት መከላከያ ብረት፣ ዊንች፣ ሁለተኛ ባትሪ ወይም ተጨማሪ ጋን ካለ መዝነው ለሻጩ ይንገሩት፤ «ከባዱ ይሻላል» የሚል ምክር አይቀበሉ።

አሁን ወደ ስፔሰሩ። የደከመ ሞላ ሥር ወይም አናት ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ስፔሰር ሲገባ ቦዲው ይነሣል፤ ሞላው ግን ያው የደከመው ሞላ ነው። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ አክስሉን የሚያቆመው ሻንሲው ላይ ያለው ባምፕ ስቶፕ የሚባለው ላስቲክ ነው። ባምፕ ስቶፑ በነበረበት ከቀረ አክስሉ እንደ ድሮው ድረስ ይወጣል፤ ሞላው ግን በስፔሰሩ ውፍረት ልክ ተጨማሪ ይጨመቃል። ጠመዝማዛው እርስ በርሱ ከተነካካ ብረት በብረት ይመታል፤ ሞላ የሚሰበረውና የሞላ መቀመጫ የሚሰነጠቀው በዚህ ጊዜ ነው። ወደ ታችም ሲወርድ የፋብሪካው ሾካብዞርበር ቀድሞ ያልቅና አክስሉን የሚያንጠለጥለው እሱ ይሆናል። ስፔሰር ተገቢ የሚሆነው ጤናማ ሞላ ላይ ግራና ቀኝን ለማስተካከል በ10 ወይም በ15 ሚሊ ሜትር ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ካስተር ነው፤ የፊት ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበት መስመር አናቱ ወደ ኋላ የሚያጋድልበት ማዕዘን ማለት ነው። 80 ላይ የፊት አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት ሁለት ራዲየስ አርሞች ናቸው። ቦዲው ሲነሣ አርሞቹ በኋላ ጫፋቸው ላይ ይዞራሉ፤ አክስሉም አብሮ ይዞርና የመሪው መዞሪያ መስመር አናቱ ወደ ፊት ያጋድላል። ፋብሪካው የሰጠው ካስተር 3 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ከፍታ በግምት 1 ዲግሪ ይበላል። በ5 ሳንቲ ሜትር የሚቀርዎት 1 ዲግሪ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ በ10 ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች። ካስተር የሌለው መኪና ከተጠመዘዘ በኋላ መሪው ራሱ አይመለስም፤ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲሄድ ይዋልላል፤ ነጂው ያለ እረፍት ሲያርመው ይውላል።

ለ5 ሳንቲ ሜትር መፍትሔው ቀዳዳቸው ከመሐል የወጣ የካስተር ቦኮላዎች ናቸው፤ 2 ዲግሪ ገደማ ይመልሳሉ። እያንዳንዱ አርም አክስሉ ጋ ሁለት ቦኮላ ስላለው የሚያስፈልጉት አራት ናቸው። የድሮዎቹን ለማውጣት የሃይድሮሊክ ፕሬስ ያስፈልጋል፤ በመዶሻ የሚመታ ጋራዥ ካዩ መኪናዎን ይዘው ይውጡ። ቦኮላው ሲገባ አቅጣጫው ወሳኝ ነው፦ የቦኮላው ቀዳዳ በተሳሳተ አቅጣጫ ከተቀመጠ የጠፋውን 2 ዲግሪ በመመለስ ፈንታ ሌላ 2 ይወስድብዎታል። ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው፤ ምልክቱም ከሥራው በፊት ከነበረው የባሰ የሚዋልል መሪ ነው። ለ10 ሳንቲ ሜትር ቦኮላው አይበቃም። የማስተካከያ ሳህን በብየዳ ወይም በቡሎን ማስገባት አለዚያም በተስተካከለ ማዕዘን የተሠሩ አዲስ አርሞችን መግዛት ግድ ይላል።

ካስተሩ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ነገር ይበላሻል። አክስሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሲዞር የዲፈረንሻሉ አፍ ወደ ታች ያጎነብሳል፤ የፊት ካርዳን ዘንግ (ኃይል ወደ ፊት አክስሉ የሚያደርሰው) ክሮቸራዎች ወይም መታጠፊያዎች ማዕዘን ከላይና ከታች እኩል መሆኑ ይቀራል። አንድ አንድ ክሮቸራ በየጫፉ ያለው ዘንግ ሁለቱ ማዕዘኖች በ1 ወይም በ2 ዲግሪ ልዩነት ውስጥ ካልሆኑ ይንቀጠቀጣል። ፊቱ ሲፈለግ ብቻ የሚገባና ሞዞው ላይ መፍቻ ያለው 80 ከሆነ አስፋልት ላይ ዘንጉ ስለማይሽከረከር አይሰማዎትም። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳው ዓይነት ከሆነ ግን ድምፁና ንዝረቱ ይመጣል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ አንዱ ጫፉ ድርብ ክሮቸራ ያለው ዘንግ ማሠራት የተለመደ ነው። 5 ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

ፓናርድ ባር አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዘው አግድም ዘንግ ነው። መኪናው ሲነሣ ዘንጉ ይበልጥ ስለሚያጋድል አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ስንት? 900 ሚሊ ሜትር የሆነና መጀመሪያ በ60 ሚሊ ሜትር ያጋደለ ዘንግ እንውሰድ፤ 50 ሲጨመር አክስሉ 5 ሚሊ ሜትር አይሞላም የሚሸሸው፤ 100 ሲጨመር 12 ይደርሳል። 5 ሚሊ ሜትሩ በዓይን አይለይም፤ ለእሱ ሲሉ የሚስተካከል ፓናርድ ባር የሚያስገዛዎት ሰው ዕቃ እየሸጠልዎት ነው። 12ቱን ግን ጎማው በአንድ ጎን ከፓራፋንጎ ወጥቶ ያዩታል። አንዳንዶች ዘንጉን ለማቅናት የፓናርድ ባሩን መያዣ ወደ ታች ያወርዳሉ። የመሪውን ዘንግ አብረው ካላወረዱ ሁለቱ ትይዩ መሆናቸው ይቀርና መኪናው ጉብታ በዘለለ ቁጥር መሪው በራሱ ይዞራል። ከሁለት አንዱን ብቻ የሚነካ ሥራ አይቀበሉ።

ፍሬን ላይ የሚረሳው አንድ ዕቃ አለ። ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲው የምትወጣ ቀጭን ዘንግ ያላት፣ እንደ ጭነቱ የኋላ ፍሬን ግፊትን የምትቆጣጠር ቫልቭ ናት። አሠራሯ ቀላል ነው፤ ጭነት ሲኖር ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፤ ዘንጓ ትገፋለች፤ ቫልቯም ለኋላ ጎማ ተጨማሪ ግፊት ትለቃለች። መኪናው በ5 ሳንቲ ሜትር ከተነሣ ቫልቯ «ኋላው ባዶ ነው» ብላ ትደመድምና ሙሉ ጭነት ይዘው እንኳ የኋላ ፍሬኑን ትቀንሳለች። ፔዳሉ ጤናማ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም፤ መኪናው ግን ለመቆም ይዘገያል፤ የፊት ፍሬን ሸራ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ከሥራው በፊት ዘንጓ ያለችበትን ማዕዘን ፎቶ ያንሡ፤ በኋላም አክስሉ ላይ ያለውን መያዣዋን በከፍታው ልክ ከፍ በሚያደርግ ብረት ወደዚያው ማዕዘን ይመልሷት። ለዚህች ብረት የሚወጣው ገንዘብ ከጠቅላላው አይቆጠርም።

የፍሬን ጎማ ቱቦዎችን በግምት አይለፉ። አክስሉ እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ጥግ ተጠምዞ ቱቦው መላላት አለበት። ከተወጠረ የሚረዝም ይግዙ፤ ቱቦው ሠላሳ ዓመት ካገለገለ ደግሞ ቢላላም ይቀይሩት። የዲፈረንሻል መተንፈሻ ቱቦና አክስሉ ላይ የሚሄዱ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችም በዚሁ መንገድ ይታያሉ።

ሾካብዞርበር ሲመርጡ ሻጩ «ለ2 ኢንች ነው» ያለው አይበቃም። ሞላውን አውጥተው አክስሉን ባምፕ ስቶፑ እስኪነካ በክሪክ ያንሡት፤ በሾካብዞርበሩ ላይኛና ታችኛ መያዣ መካከል ያለውን ይለኩ። አዲሱ ሾካብዞርበር ተጨምቆ ሲያልቅ ያለው ርዝመት ከዚህ ልኬት ቢያንስ በ15 ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት፤ ካላነሰ መኪናውን የሚያቆመው የሾካብዞርበሩ ፒስተን ይሆንና በመጀመሪያው ትልቅ ጉድጓድ ዘይቱን ያፈሳል። ልኬቱ ካልገጠመ ባምፕ ስቶፑን ያስረዝሙ፤ ርካሽ ነው።

ይህ ሁሉ ከመሠራቱ በፊት ግን ያለውን ድካም ይፈትሹ፤ በጀት የሚያፈርሰው እሱ ነው። የፊት ጎማ አንድ በአንድ አንሥተው ከላይና ከታች ይዘው ያወዛውዙ። ከተንቀሳቀሰ አንድ ሰው ፍሬን ይያዝ፤ መወዛወዙ ከጠፋ የሞዞ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ጎማው መሪ ሲዞር የሚዞርበት የላይና የታች ኩሽኔታ ነው። ግራና ቀኝ ይዘው ሲያወዛውዙ ከተንቀሳቀሰ ቴስቲና ይዩ። ከጎማው በስተ ጀርባ ካለው ክብ ኳስ እንደ ሾርባ የቀጠነ ግሪስ የሚፈስ ከሆነ የውስጡ ሲል (ዘይት ማገጃው ላስቲክ) አልቆ የዲፈረንሻል ዘይት ገብቷል፤ እሱ ሳይሠራ ሞላ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ለፓናርድ ቦኮላ፣ መኪናው በጎማው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ያወዛውዝ፤ እርስዎ ሥር ሆነው የዘንጉን ጫፎች ይዩ። ቡሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ከተንሸራተተ አልቋል። ከፍ ከተደረገ በኋላ በ60 ወይም በ70 ፍጥነት ጉብታ ሲነኩ የፊት አክስሉ በሙሉ በኃይል የሚንቀጠቀጠው በእነዚህ ድካሞች ነው። ጠንካራ የመሪ ሾካብዞርበር ማስገባት ንዝረቱን ለጥቂት ወራት ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም።

ሥራውን ለሚሠራው ሰው፦ ቡሎኖቹን ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ዝገት የሚያላላ ዘይት ያጠጧቸው። ሥራው በሁለት ሰው አንድ ቀን ነው፤ ቡሎን ከተያያዘ ሁለት። ካቫሌቶ (የመኪና መደገፊያ) የሚቀመጠው ሻንሲው ሥር ነው፤ ክሪኩ አክስሉን ይዞ ይቆያል። ሾካብዞርበሮቹን፣ የስታቢላይዘር ባሩን (መኪናው ሲዞር እንዳያጋድል የሚይዘውን) ማያያዣዎች፣ የፓናርድ ባሩን አንድ ጫፍ፣ የቫልቯን ዘንግና የፍሬን ቱቦ መያዣዎችን ፈትተው አክስሉን ቀስ ብለው ሲያወርዱት ሞላው ያለ መጭመቂያ መሣሪያ ይወጣል። አንድ ሰው ሙሉ ጊዜ የፍሬን ቱቦውን ይመልከት። ከፊት ሞላዎች አንዱ ከሌላው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢረዝም የፋብሪካ ስሕተት እንዳይመስልዎት፤ የመኪናውን ማጋደል ለማካካስ ነው፤ የትኛው በየትኛው ጎን እንደሚገባ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።

ቀጥሎ ያለውን እባክዎ ቆመው ያስፈጽሙ። ባለ ጎማ ቦኮላ ያለው ዘንግ ሁሉ (ራዲየስ አርም፣ ፓናርድ ባር፣ የኋላ አራቱ አርሞች) መኪናው በአየር ላይ ሳለ መጨረሻ አይጠበቅም። ዳዶዎቹ በእጅ ብቻ ይገባሉ፤ መኪናው በጎማው ይቀመጣል፤ ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቦዲው በእጅ ተጭኖ ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው በማኑዋሉ ልክ በቶርክ መፍቻ የሚጠበቀው። ምክንያቱም የቦኮላው ጎማ ከመሐሉ ብረት ጋር የተጣበቀ ነው፤ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ የቦኮላው ጎማ ገና ከጅምሩ ተጠምዞ ይቀመጣል፤ በጥቂት ወራት ይቀደዳል፤ በዚያ ላይ መኪናው ያለ አግባብ ከፍ ብሎና ደርቆ ይቆያል። «አዲስ ቦኮላ ገዝቼ በዓመቱ አለቀ» ከሚሉት ብዙዎቹ የገጠማቸው ይህ ነው።

ወደ ሒሳቡ ስንመለስ፣ ለ5 ሳንቲ ሜትር የሚገዛው አራት ሞላ፣ አራት ሾካብዞርበር፣ አራት የካስተር ቦኮላ፣ የባምፕ ስቶፕ ማስረዘሚያ፣ የቫልቭ ብረት፣ የስታቢላይዘር ባር ማውረጃ፣ ካስፈለገ የፍሬን ቱቦዎች፣ በመጨረሻም የካስተር ልኬት ያለው አላይመንት ነው። ያረጀ መኪና ከሆነ የፓናርድ ባሮቹ አራት ቦኮላና የኋላ አርሞቹ ስምንት ቦኮላ ይጨመራሉ፤ መኪናው አንዴ ተፈትቶ ሳለ የእጅ ዋጋው አነስተኛ ነው። ለ10 ሳንቲ ሜትር በዚህ ላይ አርሞች ወይም ሳህኖች፣ ሁለት የሚስተካከሉ ፓናርድ ባሮች፣ የካርዳን ዘንግና ረጃጅም ቱቦዎች ይመጣሉ። ገንዘብ ካጠረ ሾካብዞርበሩን በመካከለኛ ዋጋ ይግዙ፤ ጎማውንም በኋላ ይግዙት። ቦኮላውንና የፍሬኑን ነገር ግን አይቀንሱ። ኢንሹራንስና ዓመታዊ ምርመራ ምን ያህል ከፍታ እንደሚፈቅዱ ዕቃው ከመታዘዙ በፊት ይጠይቁ፤ ከፍ ያለ መኪና የመገልበጥ ዝንባሌው ስለሚጨምር ብዙ አገር ገደብ አለው።

መኪናቸው ባሌስትራ (ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራ ሞላ) የሆነ አንባቢዎች (ለምሳሌ ላንድክሩዘር 60) ረጅም የባሌስትራ ማንጠልጠያ በማስገባት የሚያገኙት የርዝመቱን ግማሽ ብቻ ነው፤ 5 ሳንቲ ሜትር የረዘመ ማንጠልጠያ 2.5 ያነሣል፤ የፊቱን ካስተርም ይበላል። ካስተሩ የሚመለሰው በብረት ሽብልቅ ነው፤ የአሉሚኒየሙ ይፈረካከሳል። የፊት አክስል ላይ ብሎክ (በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባ ማስረዘሚያ) ማስገባት ፈጽሞ አይደረግም። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልት አንዴ ከተፈታ በአዲስ ይተካል። በቶርሽን ባር (በመጠምዘዝ እንደ ሞላ በሚያገለግል ዘንግ) የሚሠሩት ደግሞ ባሩን በማጥበቅ ከ2.5 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ሊነሡ ይችላሉ፤ ባሩ በዚህ አይጠነክርም፤ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ግን ይቀንሳል፤ የአክስሉ መታጠፊያ ማዕዘንም ስለሚከፋ መታጠፊያውን የሚሸፍነው የላስቲክ ቆብ ይቀደዳል።

ሥራው ካለቀ በኋላ መሪው ቀጥ ብሎ ካልቆመ የሚስተካከለው ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ነው፤ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ አይነካ፣ የጎማውን አቅጣጫ ያበላሻል። የፊት መብራቱን በዚያው ምሽት ዝቅ ያድርጉት። ቡሎኖቹን ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳግመኛ በቶርክ ይፈትሹ። አዲስ ሞላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚረግጥ የካስተር ልኬቱን ያኔ አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ከ2 ዲግሪ በታች ከሆነ ወረቀቱን ይዘው ወደ ሠሪው ይመለሱ።